እህቴ፣ ካሽ ሬጅስተርሽን ቀድመሽ አስተካክይ

እህቴ፣ ከተማችሁ ለአውቶቡስና ለባቡር ሴልስ ታክሱን (የሽያጭ ግብሩን) በግማሽ ፐርሰንት ለመጨመር ድምፅ ሊያሰጥ ነው፣ «ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ፣ ይጎዳኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኛ ሲያትል ላይ በ2016 ኖቬምበር ይሄንኑ አይተነዋል። ሳውንድ ትራንዚት 3 ይባል ነበር። ያኔ ምግብ ቤቴን ከከፈትኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

1. ደንበኛ ይሸሻል ብለሽ አትስጊ። በ20 ዶላር በያይነቱ ላይ የሚጨመረው 10 ሳንቲም ነው። አንድም ሰው አልጠየቀኝም።

2. የድምፅ መስጫ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብቢ። የኛው የመኪና ዓመታዊ ክፍያና የቤት ግብርም ነበረበት። አዲስ መኪና የገዛ ሁሉ ታርጋ ሲያሳድስ ጮኸ።

3. ቀኑን ያዢ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ድምፁ ኖቬምበር ተሰጠ፣ ታክሱ የጀመረው ግን በ2017 ኤፕሪል 1 ነው። እስከዛ ድረስ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። 9.6 ፐርሰንት የነበረው ሴልስ ታክስ 10.1 ሲገባ የኔ ካሽ ሬጅስተር በ9.6 መምታቱን ቀጠለ። ሜይ መጨረሻ ላይ አካውንታንቴ የኤፕሪልን ሪፖርት ሲሠራ «ይሄ ለምን አይገጥምም?» ብሎ ደወለልኝ። ማሽኑን የሸጡልኝ ሰዎች ጋ ብደውል ልጅቷ «ኮንትራትህ አልፏል» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሦስት ሳምንት ለመንኳቸው። በመጨረሻ የመጣው ልጅ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ቁጥሩን ቀይሮ 120 ዶላር ተቀበለኝ። ስቴቱ ደግሞ ከደንበኛ ሰበሰብክ አልሰበሰብክ አይልም፣ የራሱን ይፈልጋል። በወር 30 ሺህ ያህል ስለምሸጥ የሁለት ወር ተኩሉን ልዩነት፣ 375 ዶላር፣ ከኪሴ ከፈልኩ።

«ታዲያ አይ ልበል?» ካልሽኝ፣ እኔ አዎ ነው ያልኩት፣ ዛሬም አልጸጸትም። ግን ባቡሩ ቶሎ ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ። በ2008 ድምፅ የሰጠንበት መስመር ከሲያትል በስተሰሜን ያለችው ሊንዉድ ከተማ የደረሰው በ2024 ኦገስት ነው። ወጥ ሠሪዬ እዛ ነው የምትኖረው። ድሮ ማታ ባሏ መጥቶ እስኪወስዳት ሽርጧን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ታንቀላፋ ነበር። አሁን ሥራዋን እንደጨረሰች ቻው ብላኝ በባቡር ትሄዳለች። ይሄን ሳይ ያ 375 ዶላር ይቀለኛል፣ የ120ው ግን እስካሁን ያናድደኛል።

ድምፁ ካለፈ ታክሱ የሚጀምርበትን ቀን ጽፈሽ ማሽኑ ላይ ለጥፊው። የዛን ቀን ጠዋት በር ሳትከፍቺ አንድ ሻይ ምቺና ደረሰኙ ላይ ያለውን ፐርሰንት በዓይንሽ እዪ።