ፖል ከፖል ሲጋጭ የቱን እንመን? ስለ አሜሪካ ምርጫ ጥያቄና መልስ

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በመጣ ቁጥር እርስ በርስ ስለሚጋጩት የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች (ፖል የምንላቸው) ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ2024 በአንድ ሳምንት አንዱ ፖል ሃሪስ እየመሩ ነው ሲል ሌላው ትራምፕ ይል ነበር። አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። አንድ ሺህ ያህል ሰው ተጠይቆ ሲወጣ የስህተት ህዳጉ (ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዛነፍ የሚችልበት መጠን) 3 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ነው። ያ ግን የአንድ እጩ ድርሻ ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ላይ እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ሃሪስ በ2፣ ሌላው ትራምፕ በ2 ይመራሉ ቢሉ አልተጣሉም።

ጥያቄ፦ የተጠየቁት ሰዎች አንድ ዓይነት ቢሆኑስ? ውጤቱም አንድ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፤ ይህ ደግሞ ተሞክሮ ታይቷል። በ2016 ኒው ዮርክ ታይምስ ፍሎሪዳ ውስጥ ከ867 መራጮች የሰበሰበውን ጥሬ መረጃ ለአራት ባለሙያዎች ሰጠ። አንዱ ሂላሪ ክሊንተን በ4 ይመራሉ አለ፣ ሌላው በ3፣ ሦስተኛው በ1። አራተኛው ትራምፕ በ1 ይመራሉ አለ! መረጃው ያው፣ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው። ማንም አላጭበረበረም። ልዩነቱን ያመጣው ማን በእርግጥ ወጥቶ ይመርጣል፣ ወጣቱ፣ ጥቁሩ፣ ኮሌጅ ያልገባው ከመራጩ ስንት እጅ ነው የሚለው ውሳኔ ነው። ይህ የባለሙያው ፍርድ ነው፤ በስህተት ህዳጉ ውስጥ አይቆጠርም። ፖል ስታዩ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከበስተጀርባው ያለውን ፍርድም እንድታዩ የምለምነው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የፖሎቹን አማካይ ብቻ ብናይ አይበቃም?

መልስ፦ ከአንድ ፖል እጅግ ይሻላል፣ ግን አይበቃም። ሚዛኑ ራሱ ካጎደለ ቡናውን አሥር ጊዜ ብንመዝነውም ያው ጎደሎ ነው። በ2020 ዊስከንሰን ላይ አማካዩ ባይደንን በ8 ነጥብ ገደማ ያስመራ ነበር፤ በ17 ያስመራ ፖልም ወጥቷል። ያሸነፉት ከ1 ነጥብ ባነሰ ነው። አማካይ የሚያጣፋው በየአቅጣጫው የተበተነውን ስህተት ነው፤ ሁሉም በአንድ ወገን ከተሳሳቱ አብሮ ይሳሳታል። በ2016ም ብዙ የግዛት ፖሎች የተጠያቂዎቹን የትምህርት ደረጃ ከመራጩ ሕዝብ ጋር ባለማመጣጠናቸው ትራምፕን አሳንሰው አይተዋል።

ጥያቄ፦ የአዮዋ ግዛቷ ፖል አዘጋጅ አን ሴልዘርስ? ያን ያህል ተሳስተው እንዴት ይታመናሉ?

መልስ፦ በ2024 ምርጫው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩ ሃሪስ አዮዋን በ3 ነጥብ ይመራሉ አሉ፤ ትራምፕ በ13 ገደማ አሸነፉ። ትልቅ ስህተት ነው። እኔ ግን ያገኙትን ሳይሸሽጉ ማውጣታቸውን አከብራለሁ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከሌሎች ላለመለየት ብሎ ቁጥሩን ወደ መንጋው የሚያስጠጋ ፖል አዘጋጅ ነው። ሁሉም ፖል “እኩል ለእኩል” ሲል መስማማት ይመስላል፤ አንዳንዴ ፍርሃት ነው።

ጥያቄ፦ በ2016 የምርጫ ትንበያ ድረ ገጹ ፋይቭ ሰርቲ ኤይት ለትራምፕ 29 በመቶ ሰጥቶ ነበር። አልተሳሳተም?

መልስ፦ 29 በመቶው የማሸነፍ ዕድላቸው እንጂ የሚያገኙት ድምፅ አይደለም። ከአሥር ሦስት ጊዜ ገደማ የሚሆን ነገር ሲሆን ተአምር አይባልም።

ጥያቄ፦ ዜግነት ካገኘሁ ስንት ዓመቴ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። እስካሁን አንድም የጠየቀኝ የለም።

መልስ፦ እህቴ፣ ከመቶ ሃምሳ ሚሊዮን በላይ መራጭ ካለበት አገር አንድ ሺህ ሰው ሲመረጥ ዕጣው ላይደርስሽ ይችላል። ግን ሌላም ነገር አለ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እንደሚለው በስልክ ከተሞከሩት በ1997 36 በመቶው መልስ ይሰጥ ነበር፤ በ2018 6 በመቶ ብቻ ቀረ። መጠይቁም አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው፤ አማርኛ ብቻ የሚናገሩ እናትና አባቶቻችን ድምፅ ይሰጣሉ፣ ፖሉ ውስጥ ግን በቀላሉ አይገቡም። ጆርጂያ በ2020 በ11,779 ድምፅ ብቻ እንደተወሰነች አስቢ። ትክክለኛ የጥናት ድርጅት መሆኑን ካረጋገጥሽ እባክሽ መልሺላቸው።

ጥያቄ፦ የአገር አቀፉን ፖል ልከተል ወይስ የግዛቶቹን?

መልስ፦ የግዛቶቹን፤ አሸናፊው የሚለየው በየግዛቱ ውጤት እንጂ በአገር አቀፉ ድምር አይደለም። ክሊንተን በ2016 በመላ አገሪቱ በ2.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ በልጠው ተሸንፈዋል። ፔንስልቬንያ፣ ሚሺጋንና ዊስከንሰን ላይ የአማካዩ ልዩነት ከ3 ወይም 4 ነጥብ በታች ከሆነ ውድድሩ ገና እንዳልለየለት ቁጠረው።