ልጆቻችንና ዕብራይስጥ፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሕፃናትን ዕብራይስጥ ሳስተምር ዓመታት ቆይቻለሁ። ሰሞኑን የጠየቃችሁኝን አንድ ላይ ልመልስ።

እናት፣ ደብረ ማርቆስ፦ ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። አባቱ እስራኤል አገር ስላለ ወደዚያ ልንሄድ ነው። ፊደሉን ላስጀምረው?

እህቴ፣ ፊደሉ ይቆይ። መጀመሪያ ጆሮው ይልመድ። ሰውነቱን እየነካ ይጀምር፦ ራስ «ሮሽ»፣ ዓይን «አይን»፣ ልብ «ሌቭ»፣ ደም «ዳም»። ቤት ደግሞ «ባይት» ነው። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ስለሆኑ ልጁ ብዙ ቃል እንደሚያውቀው ሲሰማ ይደፍራል። ድፍረቱ ትልቅ ነገር ነው።

መሪጌታ፣ ቢቸና፦ ፊደሉስ ከእኛ ጋር ይገናኛል?

የኔታ፣ እርስዎማ ስሙን በቃልዎ ያውቁታል። በዳዊት መዝሙር 118 ላይ «አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል» እያሉ የሚደግሙት ይኸው ፊደል ነው። በዕብራይስጡ መዝሙሩ 119ኛ ነው። ፊደሉ 22 ሲሆን ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። አምስቱ በቃል መጨረሻ ሲመጡ መልካቸው ይለወጣል። እንደ እኛ ካዕብ፣ ሣልስ የለውም። አናባቢው «ኒኩድ» የሚባል ነጥብና ጭረት ነው። የልጆች መጽሐፍ ኒኩድ አለው፣ ጋዜጣ ግን የለውም። ስለዚህ ልጅ ኒኩድ ባለው ይጀምር።

አባት፣ ዳንግላ፦ ልጄ እስራኤል «ጋን» ከገባ ሁለት ወሩ ነው፤ አንድ ቃል አልተናገረም።

ጋን መዋዕለ ሕፃናት ነው፤ ቃሉ ከእኛው «ገነት» ጋር ይዛመዳል። ልጁ ዝም ያለው እየሰማ ስለሆነ ነው። የታዘዘውን ከፈጸመና ከልጆች ጋር ከተጫወተ አትጨነቅ፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ቤት ውስጥ በአማርኛም ዝም ካለ ግን ጆሮው ይታይ።

እናት፣ ባሕር ዳር፦ ወንዱ ልጄ እንደ ሴት ይናገራል እያሉ ይስቁበታል።

እባካችሁ አትሳቁበት! እኛ «እፈልጋለሁ» ስንል ወንዱም ሴቱም አንድ ነው። በዕብራይስጥ ግን ወንድ «አኒ ሮጼ»፣ ሴት «አኒ ሮጻ» ይላሉ። አስተማሪዋ ሴት ከሆነች የሚደግመው የእሷን ነው። ሲናገር አታቋርጡት። «አኒ ሮጻ ማይም» ካለ ውሃውን እየሰጣችሁ «አታ ሮጼ ማይም?» በሉት። ማይም የግእዙ ማይ ነው። እየሰማ ራሱ ያስተካክለዋል።

አያት፣ ፍኖተ ሰላም፦ የልጅ ልጄ በስልክ «አንተ» አለችኝ። ከፋኝ።

አባባ፣ አይክፋዎት። አልናቀችዎትም። በዕለት ተዕለት ዕብራይስጥ «እርስዎ» የለም፤ ትልቁም ትንሹም «አታ» ነው። ግን «እርስዎ» ማለትን ከቤተሰብ በቀር ማን ያስተምራታል? ዕብራይስጡ ቶሎ እንዲገባ ብለው ቤት ውስጥ አማርኛ የሚከለክሉ ወላጆች ሁሌም ያሳዝኑኛል። ልጅ ሁለቱንም ይችላል። እናት የምትችለውን ቋንቋ ትታ በተሰባበረ ዕብራይስጥ ስታወራ ልጁ ከሁለቱም ይጎድልበታል። ስለዚህ እርስዎ በየሳምንቱ እየደወሉ በአማርኛ ተረት ይንገሯት። ቤታቸው ሰንበት የሚያከብር ከሆነ ቅዳሜ ስልክ አያነሡም፤ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደውሉላት።