ወርቁ ውስጥ የሌለው ፕሮቶን፦ ለፊዚክስ ተማሪዎቻችን

ልጆች እንዴት ናችሁ። ጅማ ዛሬም ዝናቡ አላባራም፣ መብራቱም ሁለቴ ሄዶ መጥቷል፣ ስለዚህ የላፕቶፔ ባትሪ ሳያልቅ የሆዴን ልበላችሁ። "ቲቸር፣ እዚህ ሌዘሩ የለ፣ ተምረን ምን ልናደርገው ነው" የምትሉኝን ሰምቻለሁ፣ እሱ ላይ እመለስበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን የራሴን ጉድ ላውራ።

ወጣት ሆኜ አውሮፓ አንድ ላብ ገብቼ ነበር። ሥራችን ኃይለኛ የሌዘር ምት ቀጭን የወርቅ ፎይል ላይ አሳርፎ ከጀርባው ፕሮቶን፣ ማለትም የሃይድሮጅን አቶም እምብርት፣ ማስወንጨፍ ነው። ፎይል ስላችሁ የምግብ መጠቅለያዋን እንዳታስቡ፣ የኛዋ ውፍረቷ ጥቂት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ናት፣ አንድ ዘለላ ፀጉር እኮ ወደ 70 ማይክሮን ይሆናል። በወረንጦ ይዤ ፍሬም ላይ ሳጣብቃት ትንፋሼን ውጬ ነበር፣ አንድ ቀን አስነጠሰኝና የግማሽ ቀን ልፋቴ ተጨማዶ ቀረ። ምቱ ደግሞ 30 ፌምቶ ሰከንድ ገደማ ብቻ ይቆያል (አንድ ፌምቶ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ተወስዶ እንደገና ለሚሊዮን ሲካፈል ነው)። ብርሃን ከዚህ አዲስ አበባ ለመድረስ፣ ያ እኛን ወገባችንን የሚቆርጠን 350 ኪሎ ሜትር ምናምን መንገድ ማለት ነው፣ ከ1 ሚሊ ሰከንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው የሚፈጅበት፣ በ30 ፌምቶ ሰከንድ ግን 9 ማይክሮን ብቻ ይሄዳል። በቃ ይቺን ታህል ነች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሌዘሩ ፊት ለፊት ሲመታ ኤሌክትሮኖቹን ያግላቸውና ፎይሉን ሰንጥቀው በጀርባ ይወጣሉ፣ ግን ርቀው አይሄዱም፣ ጥለውት የወጡት ፎይል ፖዘቲቭ ሆኖ መልሶ ስለሚስባቸው ጀርባው ላይ እንደ ጉም ያንዣብባሉ፣ በነሱና በፎይሉ መሀል በሜትር ትሪሊዮን ቮልት የሚደርስ የኤሌክትሪክ ፊልድ ይፈጠራል። የተለመደው አክስለሬተር (ቅንጣቶችን የሚያፈጥን ማሽን) ብልጭታ ሳይነሳበት የሚችለው በሜትር በአስሮች የሚቆጠር ሚሊዮን ቮልት ነው፣ ልዩነቱን እናንተው አስሉት። ጀርባው ላይ ያለው ፕሮቶን በዚህ ፊልድ ተስቦ ይወነጨፋል። ከኋላ ፊልም እንደ እንጀራ ደራርበን እናስቀምጣለን፣ ፕሮቶን ያረፈበት ሰማያዊ ክብ ይሠራል፣ ክቡ እስከ ስንተኛው ፊልም እንደዘለቀ አይታችሁ ጉልበቱን ታውቃላችሁ።

እዚህ ጋ ነው የኔ ጉድ። ፎይሉ ወርቅ ነው፣ ወርቅ ደግሞ ወርቅ ነው፣ ታዲያ ፕሮቶኑ፣ ማለትም ሃይድሮጅኑ፣ ከየት መጣ? ጥያቄው በመጀመሪያው ሳምንት መጥቶልኝ ነበር ግን አራት ወር ዋጥኩት፣ ይሉኝታ ያዘኝ፣ ከአፍሪካ የመጣው ልጅ ይቺንም አያውቅም እንዳልባል ፈራሁ። ከዛ ለማንም ሳልናገር ፎይሉን በአሴቶን እጥብ አድርጌ አስገባሁት፣ ቆሻሻ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበርና። ሰማያዊው ክብ ግን ፍንክች አላለም! ደነገጥኩና ጭራሽ ደብተሬ ላይ ሳልጽፈው ቀረሁ፣ እስከዛሬ የሚያናድደኝ ከሁሉ በላይ ይሄ ነው።

በኋላ አንድ አዛውንት ቴክኒሻን ቡና ላይ ሰማኝና ሳቀ። ብታጥበውም ፎይሉ የሚገባበት አየሩ የተመጠጠ ቻምበር ውስጥ የቀረው የውሃ ተንና የፓምፕ ዘይት መልሶ ይለብሰዋል አለኝ፣ ጥቂት ናኖ ሜትር የምታህል ንጣፍ፣ ፕሮቶኑ ከሷ ነው። ፎይሉን በደንብ አግለህ ንጣፏን ካላባረርክ በቀር ከባድ የሆኑት አዮኖች (ኤሌክትሮን የጎደላቸው አቶሞች) ተራ አያገኙም አለኝ። እናቴ ሰፌድ ስታነሳ ትዝ አለኝ፣ ከስር መታ መታ ስታደርገው የሚበረው ላዩ ላይ ያለው ገለባ ነው እንጂ ሰፌዱ አይደለም (ኤሌክትሮኑን ስለማያሳይ ምሳሌው ሙሉ አይደለም፣ ፈተና ላይ እንዳትጽፉት)። ከዛ ሳነብ ምን ባገኝ ጥሩ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ፣ አሜሪካ ሊቨርሞር ላይ 58 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ ነው) የደረሰ ፕሮቶን በታየበት ጊዜ፣ ፕሮቶኑ ከፎይሉ ፊት ነው ከጀርባው ነው እያሉ ትልልቆቹ ራሳቸው ሲከራከሩ ነበር። ከየት መጣ የምትለው እኔ ያፈርኩባት ጥያቄ ለሰዎቹም በሌላ መልክ ክርክር ነበረች ማለት ነው።

ሌላው ያሞኘኝ ነገር፣ ፎይሉ በቀጠነ ቁጥር ፕሮቶኑ ይፈጥናል ብዬ በጣም ቀጭኑን መረጥኩ፣ ውጤቱ ወረደ። ለካ ከዋናው ምት በፊት የሚቀድም ደካማ ብርሃን አለ። ዋናው በካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ላይ 20 ዜሮ የሚደርስ ዋት ከሆነ፣ ከመቶ ሚሊዮን አንዷ እጅ እንኳን ቀድማ ብትደርስ ፎይሉን ለማበላሸት በቂ ነች። አስቂኙ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ጀርመን፣ ድሬስደን ያሉት ተመራማሪዎች ይህንኑ ቀዳሚ ብርሃን መልሰው ለጥቅም አዋሉትና ከፕላስቲክ ፎይል 150 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አወጡ። ለካንሰር ሕክምና ሰውነት ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር ለመግባት ግን 220 ሚሊዮን ገደማ ያስፈልጋል፣ የፕሮቶኖቹም ጉልበት አንድ ወጥ አይደለም፣ እና "ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ የካንሰር ማሽን መጣች" የሚል ፖስት ስታዩ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ቁጥሯን ጠይቁ።

ሌዘር የለንም ላላችሁት፣ ልክ ናችሁ፣ የለንም። ግን ኢፖክና ስማይሊ የሚባሉት የፕላዝማ (ኤሌክትሮኑ የተነጠለበት የጋለ ቁስ) ሲሙሌሽን ኮዶች በነፃ ይወርዳሉ፣ በአንድ ዳይሜንሽን ከሆነ የናንተው ላፕቶፕ ይችለዋል። ፎይሉን በሃይድሮጅን ንጣፍም ያለ ንጣፍም አስሮጡትና ልዩነቱን በዓይናችሁ እዩ። መብራት ስለሚጠፋ በየመሀሉ ሴቭ እንዲያደርግ አዙት፣ አደራ፣ እኔ የሦስት ቀን ረን ሄዶብኛል። ያልሠራውንም ረን ደብተር ላይ ጻፉት፣ እንደኔ አትደብቁ።

ባለፈው አንዷ ተማሪ ከክፍል ስንወጣ ጃንጥላዋን እየዘረጋች "ቲቸር፣ ቆሻሻውን ከመጠበቅ ጀርባው ላይ ሃይድሮጅን ያለበት ነገር ራሳችን ነጠብ ብናደርግስ?" አለችኝ። ጀርመን፣ የና ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቲታንየም ፎይል ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ነጠብጣብ አድርገው እሱኑ እንዳሳተሙት ነገርኳት። "ውይ፣ ቀደሙኝ!" ብላ ተናዳ ዝናቡ ውስጥ ገባች፣ ሰላምታም ረሳች።