የተቆረጠ የበግ ቆዳ ለሻጩ ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ከበግ ቆዳ ጃኬትና ጓንት አምርቼ እሸጣለሁ። ከውጭ አገር ቆዳ ፋብሪካ ያስመጣሁትን ያለቀለት ቆዳ ግማሹን ቆርጬ ከሰፋሁ በኋላ፣ ቀለሙ እየለቀቀ ገበሩንና የለባሹን ሸሚዝ ስላበላሸ ደንበኛዬ ጃኬቶቹን መለሰብኝ። በአንዳንዶቹ ቆዳዎች ላይ ደግሞ እከክ አለ። ሻጩ «የተቆረጠ ቆዳ አልቀበልም» ብሎኛል። መብቴ ምን ድረስ ነው?

መልስ፦ የሻጩ መልስ ቢበዛ የሚመለከተው ዕቃውን መመለስን እንጂ ካሣንና የዋጋ ቅናሽን ስላልሆነ፣ በዚህ ቃል ብቻ ተስፋ ቆርጠው ጥያቄዎን እንዳይተዉ አሳስባለሁ።

አስቀድመው ውሉን አውጥተው የትኛው ሕግ እንደሚገዛው ያረጋግጡ። የእርስዎም የሻጩም የንግድ ቦታ የሚገኝባቸው አገሮች እ.ኤ.አ. በ1980 ቪየና ላይ የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ውል ስምምነት አባላት ከሆኑና በውላችሁ ካላስቀራችሁት፣ ክርክሩ የሚመራው በእርሱ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ይህን ይዤ ነው።

ሁለቱን ጉድለቶች ለይተው ያቅርቧቸው። እከክ በበጉ ላይ የሚኖሩ ተባዮች የሚያመጡት ጉዳት ሲሆን፣ ጸጉሩ ከተነሣ በኋላ በቆዳው ገጽ ላይ በዓይን ይታያል። ስምምነቱ በአንቀጽ 38 እና 39 ገዢው ዕቃውን በተቻለ ፍጥነት እንዲመረምርና ጉድለቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ አንስቶ በተገቢ ጊዜ ውስጥ እንዲያሳውቅ ስለሚያስገድድ፣ ቆዳው መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ያልተነሣ የእከክ አቤቱታ ደካማ ነው። ሆኖም በአንቀጽ 40 መሠረት ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ወይም ሳያውቀው ሊቀር የማይችል ሆኖ ሳለ ካልገለጸልዎ፣ በምርመራና በማስታወቂያ መዘግየት ሊከላከል አይችልም። ቆዳን አንድ በአንድ እያየ በደረጃ የሚለይ ፋብሪካ እከኩን አላየሁም ቢል ለማመን ይከብዳል።

የቀለሙ ጉዳይ የተሻለ ነው። ሳይታሽና ላብ ሳይነካው የማይታይ ጉድለት በመሆኑ፣ ጊዜው የሚቆጠረው ደንበኛዎ ካሳወቀዎት ቀን ነው ብለው መከራከር ይችላሉ። ሻጩ በፊናው «እርጥብ ነጭ ጨርቅ ቢያሹበት ያውቁ ነበር» ማለቱ አይቀርም፤ ይህ ከባድ መከራከሪያ ስለሆነ አይናቁት።

መመለስን በተመለከተ፣ አንቀጽ 82 ዕቃውን በተረከበበት ሁኔታ መመለስ ያልቻለ ገዢ ውሉን የማፍረስ መብቱን እንደሚያጣ ይደነግጋል። ነገር ግን ጉድለቱን ከማወቁ ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ በፊት ዕቃውን በመደበኛ አጠቃቀም ከለወጠው ይህ ክልከላ አይነካውም፤ ለጃኬት የተገዛን ቆዳ ለጃኬት መቁረጥ ደግሞ ከዚህ የበለጠ መደበኛ አጠቃቀም የለውም። ውል ለማፍረስ ጥሰቱ መሠረታዊ፣ ማለትም ከውሉ የሚጠብቁትን ዋና ጥቅም የሚያሳጣ፣ መሆን እንዳለበት ግን ይወቁ። ፍርድ ቤት ወይም ግልግል ዳኛ ይህን ባይቀበል እንኳ፣ በአንቀጽ 50 የዋጋ ቅናሽ፣ በአንቀጽ 74 ደግሞ ሻጩ ውል ሲገባ ሊገምተው ይችል የነበረውን ኪሳራ፣ ለምሳሌ የገበርና የስፌት ወጪዎን፣ መጠየቅ ይችላሉ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ቆዳ አንድም አይቁረጡ፤ ጉዳቱን እያወቁ ካባባሱት ካሣዎ ይቀንሳል። ያልተነካውን ከነማሸጊያውና ከነመለያ ቁጥሩ ያስቀምጡ፤ ከተቆረጠውም ከተመለሱት ጃኬቶችም ናሙና ይያዙ። ናሙናውን ገለልተኛ ላቦራቶሪ ወስደው አይሶ 11640 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት የቀለም መታሸት ፈተና ያስፈትሹ፤ የቆዳው ገጽ በነጭ ፌልት (ከተጠቀጠቀ ሱፍ በተሠራ ጨርቅ) ለተወሰነ ያህል ጊዜ እየተቆጠረ ታሽቶ ጨርቁ የያዘው ቀለም ስለሚለካ፣ ክርክሩ ከቃል ወጥቶ በውጤት ይደገፋል።

ውጤቱን ሳይጠብቁ ግን ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ። «ቆዳው መጥፎ ነው» ማለት አይበቃም፤ የትኛው ቀለም፣ የትኛው መለያ ቁጥር፣ በምን ሁኔታ እንደለቀቀ ይዘርዝሩ። ሁለት ዓመት ጊዜ እንዳለ ሰምተው ይሆናል፤ እርሱ የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ ለመዘግየት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ደንበኛዎ ቅሬታውን ቀን ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጥዎም ይጠይቁት፤ የማሳወቂያ ጊዜዎ መቼ እንደጀመረ የሚያስረዳልዎ ያ ወረቀት ነው።