የካህናት ደኅንነት መርሐ ግብር፦ ስለ ዕቅድ ዝግጅት ገንዘብ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ መምህር፣ ማኅበራችን ለካህናት ጤናና ኑሮ መርሐ ግብር ሊነድፍ ነው። ለዕቅድ ዝግጅት ከለጋሽ የምንጠይቀው ገንዘብ (የዝግጅት ገንዘቡ) ለምን ይውላል?

መልስ፦ ለማጥናት፣ ለመመካከር፣ ለመንደፍ። ለመድኃኒት፣ ለግንባታ፣ ለደመወዝ ድጎማ አይውልም። መፍትሔውን አስቀድሞ ጽፎ የጥናት ገንዘብ የሚጠይቅ ማኅበር ጥናቱ እንደማያስፈልገው ራሱ መስክሯል፤ ብዙ ፕሮፖዛል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ካህናቱን መቼና እንዴት እንጠይቅ?

መልስ፦ ዋናው ነገር ይህ ነው። በበዓለ ኀምሳ ሂዱ፤ ጾም የለም፣ መንገዱም ገና አልጨቀየም። ኅዳርና ታኅሣሥ ካህኑ አጨዳና ውቂያ ላይ ነው፤ በሁዳዴ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን አይወጣም። አንድ ወረዳ ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ አንድ ከዓባይ ቆላ፣ አንድ ከተማ ምረጡ። በእያንዳንዱ 10 አጥቢያ፣ በየአጥቢያው 4 ሰው፦ ቄስ፣ ዲያቆን፣ መሪጌታ ወይም የአብነት መምህር፣ የቄስ ባለቤት። ባለቤቲቱን አትዝለሏት፤ ዕዳውንና እንቅልፍ ማጣቱን የምትናገረው እሷ ናት። በሰበካ ጉባኤ ሰዎች ፊት ከጠየቃችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ብቻ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን አገልጋዮችን ቁጠሩ። ቅዳሴ ቢያንስ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት ይፈልጋል። ሁለት ቄስ ብቻ ባለበት አጥቢያ የታመመውን «ዕረፍ» ማለት ዋጋ የለውም። በሁዳዴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ኢንሱሊን ወስዶ እህል ሳይቀምስ የቆመ ቄስ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን የትኛውን መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደሚወስድ መዝግቡ።

አስተያየት (ከደጀን)፦ ይህ ጾምን መንቀፍ ነው።

አስተያየት (ከዳንግላ)፦ ኧረ አይደለም! ቀኖናው ራሱ ለሕሙም ያዝናል።

አስተያየት (ከደጀን)፦ ሕሙም ከሆነ አይቀድስ።

መልስ፦ ማን ይተካው? ቁጠሩ ያልሁት ለዚህ ነው። የጾሙን ክርክር ለአባቶች ተዉት።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ሞተር ሳይክል እንግዛበት?

መልስ፦ አይሆንም፤ ተከራዩ። የዝግጅት ገንዘብ ለማጥናት ነው ብያለሁ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ሊሊ ኢንዳውመንት ይሰጠናል?

መልስ፦ በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ያለ ገንዘብ ለጋሽ ተቋም ነው፤ የሃይማኖት ድጋፉ በዋናነት ለአሜሪካ ነው። ሌላ ፈልጉ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የአስተዳደር ወጪስ?

መልስ፦ ማኅበራችሁ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የተመዘገበ ከሆነ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ አይለፍ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ በአጠቃላይ ስንት ብር እንጠይቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ስንት ወረዳ? ስንት ጠያቂ? ከላይ ያልሁት 120 ሰው ነው፤ አንድ ጠያቂ በቀን 3 ሰው ቢያነጋግር 40 ቀን፣ 4 ጠያቂዎች ቢሆኑ 10 ቀን፣ የመንገዱ ሳይቆጠር። የጠያቂዎቹን ሁሉ ጠቅላላ ቀን በዕለት አበሉ አባዙ፣ መጓጓዣውን ደምሩና ድምሩን ይዛችሁ ኑ።