መልስ፦ በህዳሴ ዘመን ሴት ሰዓሊዎች ነበሩ ወይ?
በአውሮፓ የህዳሴ ዘመን (ሬኔሳንስ) ስም ያላት ሴት ሰዓሊ ነበረች ወይ ብለህ ለጠየቅኸው፣ ነበረች እንጂ! እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው የጣሊያኗን የክሬሞና ከተማ ልጅ ሶፎኒስባ አንጉዊሶላን ነው። አባቷ ተሰጥኦዋን አይቶ ሰዓሊ ዘንድ አስተማራት፤ ለታላቁ ሰዓሊ ለማይክል አንጄሎም ስለ እሷ ደብዳቤ ጻፈ።

እ.ኤ.አ. በ1555 የሳለችውን የቼዝ ጨዋታ ፈልገህ ተመልከተው። የሚጫወቱት የገዛ እህቶቿ ናቸው። አንዷ እጇን አንስታ ልትናገር ስትል ትንሿ እያየቻት ትስቃለች። አሮጊቷ አገልጋይ ደግሞ ከጥግ ሆና ታያቸዋለች። ያን ጊዜ የባላባት ልጆች ሲሳሉ ኮስተር ብለው ነበር፤ እሷ ግን የቤታቸውን ሳቅ ሳለችው። ይሄ ድፍረት ይደንቀኛል።

በ1559 ስፔን ቤተ መንግሥት ገብታ የንግሥት ኤልሳቤጥ ደንገጡር ሆነች፤ ሥዕልም አስተማረቻት። የጣሊያን ከተማ የቦሎኛዋን ሰዓሊ ላቪኒያ ፎንታናንም እንዳታልፋት፤ በብሩሿ ቤተሰቧን ታስተዳድር ነበር።