«የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ማለት ይገባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። ዕድሜዬ 31 ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ከሦስት መሥሪያ ቤት ወጥቻለሁ፤ ከአንዱ ሠራተኛ ሲቀነስ፣ ከሁለቱ ከአለቆቼ ጋር መስማማት አቅቶኝ። ከጓደኛዬ ጋር የከፈትነው ሱቅም በስምንተኛ ወሩ ተዘጋ። እናቴ «የአርባ ቀን ዕድልህ ነው፤ ዓይነ ጥላም አለብህ» እያለች ከአንድ አዋቂ ክታብ አምጥታ አንገቴ ላይ አስራልኛለች። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ችግርህ አስተሳሰብህ ነው፤ ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት ቆመህ ‹ስኬታማ ነኝ፣ ሀብታም ነኝ› በል» ይለኛል። ማንን ልስማ? በተግባርስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከእናትህ አባባል ልነሣ። «የአርባ ቀን ዕድል» የሚለው ቃል ከመለመዱ የተነሣ ብዙ ምእመን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይመስለዋል። አይደለም። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጥተው የሚቀበሉት የእግዚአብሔር ልጅነትን ነው። ይጠመቃሉ፣ ሜሮን ይቀባሉ፣ ሥጋውንና ደሙን ይቀበላሉ። ሥራ ስለ ማግኘትና ስለ ማጣት፣ ስለ ማደግና ስለ መክሰር በዚያ ቀን የሚነበብ የተጻፈ ፍርድ የለም። የሚሆነው ሌላ ነው፦ የክርስትና አባትህ ስለ አንተ ሆኖ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ካደ፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሥላሴ ማመንህን ተናገረ። ይህ ምርጫ ነው። እንግዲህ በአርባ ቀንህ ስለ አንተ የተነገረው ቃል ዕድል ሳይሆን ውሳኔ ነበር።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 15 ይህንኑ በግልጽ ያስተምራል። ሰው «እግዚአብሔር ነው ያሳተኝ» እንዳይል ይከለክላል፤ እሳትና ውኃ በፊትህ ቀርበዋል፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ስደድ ይላል። ሙሴም ሕይወትንና ሞትን፣ በረከትንና መርገምን በሕዝቡ ፊት ካኖረ በኋላ «ምረጥ» አለ (ዘዳ. 30፥19)። ለማይመርጥ ፍጥረት «ምረጥ» አይባልም። የቤተሰብ እርግማን ነው ለሚሉህም መልሱ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 ላይ አለ። አባቶች ጨርቋ ወይን በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚለውን ተረት እግዚአብሔር ራሱ ከእስራኤል መካከል እንዲቀር አዘዘ። ምዕራፉን ዛሬ ማታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበው፤ ለእናትህም አንብብላት።

ስለ ዓይነ ጥላ ስናገር ቤተ ክርስቲያን ክፉ መንፈስ የለም አትልም። ጠበሉ፣ ጸሎቱ፣ ቅዱስ ቁርባኑ ስለዚሁ ተሰጥቶናል። ነገር ግን ሐዋርያት ዲያብሎስን «ተቃወሙት» ብለው ያዘዙን (ያዕ. 4፥7፤ 1ጴጥ. 5፥9) መቃወም ስለምንችል ነው። ሰይጣን ይፈትናል፣ ያስፈራራል፣ ሐሳብ ያቀብላል፤ እጅህን ይዞ ግን አለቃህን አያሰድብህም፤ የሱቁንም ሒሳብ ሳትጽፍ እንድታድር አያስገድድህም። ለቃየል የተነገረው ቃል ልክ ይህ ነው፦ ኃጢአት በደጅ ታደባለች፣ አንተ ግን ንገሥባት (ዘፍ. 4፥7)። ደጅ ላይ መቆሙ የእርሷ ነው፤ በሩን መክፈቱ ያንተ።

ጥፋትን ወደ ሌላ ማሻገር ከአዳም ጀምሮ የመጣ ሕመማችን ነው። አዳም ተጠየቀ፤ «ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሔዋንንም ፈጣሪውንም ከሰሰ። ሔዋን ደግሞ እባቡን። አንድ ነገር ልብ በል፦ እግዚአብሔር አዳምንና ሔዋንን ጠየቃቸው፣ እባቡን ግን ሳይጠይቅ ፈረደበት። ጥያቄው ለንስሐ የተከፈተ በር ነበርና ነው። ሳኦልም በነቢዩ ሳሙኤል ፊት «ሕዝቡ ነው» አለ፣ ቀጥሎም «ሕዝቡን ፈርቼ ነው» አለ (1ሳሙ. 15)፤ መንግሥቱ ከእርሱ ተወሰደች። ዳዊት ከሳኦል የከፋ በደል ሠርቶ ሳለ ለነቢዩ ናታን የመለሰው «እግዚአብሔርን በድያለሁ» ብቻ ነው (2ሳሙ. 12፥13)። ባል፣ ሚስት፣ ሕዝብ፣ ፍርሃት የሚል ቃል አልጨመረም።

ያንተን ጥያቄ ከሁሉ አብልጦ የሚመልሰው ግን የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ መፃጉዕ ነው። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የታመመ ሰው ተኝቶ ነበር። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። ለ38 ዓመት በሽተኛ ይህ ምን ጥያቄ ነው ያሰኛል። ነገር ግን ሰውየው «አዎን» አላለም። «ውኃው በተናወጠ ጊዜ የሚያወርደኝ ሰው የለኝም፤ ሌላው ይቀድመኛል» አለ። ውሸት አልተናገረም፤ በእውነት ሰው አልነበረውም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በእንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይቆጣ በትሕትና መመለሱን ያመሰግንለታል። ቢሆንም የተጠየቀው ስለ ፈቃዱ ነው፣ የመለሰው ስለ ሰዎች ነው። ጌታ ስለ ቀደሙት ሰዎች አልተከራከረውም፤ «ተነሣ፣ አልጋህን ተሸከም፣ ሂድ» አለው። መፈወሱ የጌታ ነው፣ መነሣቱና መሸከሙ የሰውየው። ያቺ አልጋ የማንም ዕዳ ስላልሆነች በሌላ ትከሻ አልተጫነችም። ሊቃውንቶቻችን በዕለተ ዓርብ ጌታን በጥፊ የመታው ይኸው ሰው ነው ብለው ያስተምራሉ፤ እግር ድኖ ልብ ካልዳነ እዚህ ድረስ ሊያደርስ ይችላል።

ከመፃጉዕ ሁለት ሳምንት በኋላ ገብር ኄር፣ የበጎው አገልጋይ እሑድ፣ ይመጣል። በዚያ ምሳሌ አንድ መክሊት የተቀበለው ባሪያ አልሰረቀም፣ አላባከነም፤ «ጨካኝ እንደ ሆንህ አውቃለሁ፣ ፈራሁም» ብሎ ቀበረው (ማቴ. 25፥24-25)። ጌታው «ክፉና ሐኬተኛ» ያለው ስለ ፍርሃቱ ብቻ ሳይሆን ስንፍናውን በጌታው ጠባይ ስላመካኘ ነው። ብዙዎቻችን «ለእኔ የተሰጠኝ ትንሽ ነው» ስንል አንድ መክሊት ስንት እንደ ሆነ አናስበውም። መክሊት 6000 ዲናር ነው፣ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። በዓመት 300 ቀን ብትሠራ የ20 ዓመት ደመወዝ ማለት ነው። ትንሹ ድርሻ ይህን ያህል ነበር።

ወደ ጓደኛህ ምክር ልምጣ። ሰው ለራሱ መናገሩ ክፉ አይደለም። ዳዊት «ነፍሴ ሆይ፣ ለምን ታዝኛለሽ? በእግዚአብሔር ታመኚ» እያለ ነፍሱን ይናገራት ነበር (መዝ. 41)። ልዩነቱ ዳዊት ነፍሱን እውነት ይነግራታል፤ ማዘኗን አይክድም፣ ተስፋዋን ያሳያታል። ገንዘብ ሳይኖርህ መስተዋት ፊት «ሀብታም ነኝ» ማለት ግን ራስን መዋሸት ነው፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ኪስህ ሲመሰክርብህ ከበፊቱ የባሰ ተስፋ ትቆርጣለህ። ቅዱስ ጳውሎስ ልናስባቸው የሚገቡንን ሲዘረዝር ከሁሉ ያስቀደመው «እውነተኛ የሆነውን» ነው (ፊል. 4፥8)። «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለውም ያለ ቦታው ይጠቀሳል። ከእርሱ በፊት ያለውን ቁጥር 12ን ብታነብ መጥገብንም መራብንም እችላለሁ ማለቱ ነው፤ የጻፈውም በእስራት ሆኖ ነው። በጎ አስተሳሰብ ማለት ያለኝን ሁኔታ እንዳለ አይቼ፣ በውስጡ እግዚአብሔር የሰጠኝን ድርሻ ፈልጌ መያዝ ነው።

በተግባር እንዲህ አድርግ።

አንድ ሉክ ወረቀትና ግማሽ ሰዓት ይበቃሃል፤ ስልክህን ከክፍሉ አውጣው። ከአራቱ ጉዳዮች አንዱን ብቻ ውሰድ፣ ሱቁን ለምሳሌ። ወረቀቱን በሦስት ክፈል፦ በእኔ እጅ የነበረ፣ በሌላ ሰው እጅ የነበረ፣ በማንኛችንም እጅ ያልነበረ። የኪራይ መጨመር ሦስተኛው ወይም ሁለተኛው ውስጥ ይገባል። በዱቤ የሰጠኸው፣ የዕለት ሽያጭ አለመጻፍህ፣ ከሱቁ ገንዘብ ለቤት ወጪ ማንሣትህ ካለ የመጀመሪያው ውስጥ። በመጀመሪያው ክፍል ያለ እያንዳንዱ መስመር «እኔ» የሚል ባለቤትና ያደረግኸው ሥራ ይኑረው፦ «አለቃዬ ጠላኝ» ሳይሆን «በሳምንት ሁለት ቀን አርፍጄ እገባ ነበር፣ ሲናገሩኝም መለስሁ»። እዚህ ላይ ሰው በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንዱ ስለ ሌሎች ገጽ ሞልቶ ስለ ራሱ አንድ መስመር ይጽፋል። ሌላው፣ ከዚህ ያላነሰ አደገኛ ነው፣ ሁሉን በራሱ ላይ ይጭናል። ሠራተኛ ሲቀነስ የወጣህበትን በራስህ ላይ አትጻፍ፤ ያልበደልኸውን በደል መናዘዝ ትሕትና አይደለም። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ጌታ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሏል (ዮሐ. 9፥3)።

ከዚያ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ይዘህ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። ከሌለህ በአጥቢያህ ካሉት ካህናት አንዱን ጠይቅ፤ ይህን ለነገ አታሳድረው። ስትናዘዝ የሌላ ሰው ስም አታንሣ፣ «ስለዚህ ነው» እያልህም ምክንያት አትደርድር። ምክንያት በገባበት ኑዛዜ ሳኦል ይናገራል፣ ዳዊት ዝም ይላል። ኃጢአትን በኀልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር ከፍለህ ማሰብ ይረዳሃል፦ ያሰብሁት፣ የተናገርሁት፣ ያደረግሁት። ካህኑ ቀኖና፣ ማለት እንደ ጾምና ስግደት ያለ የንስሐ ሥራ፣ ሲሰጥህ የማትችለው ከሆነ እዚያው ንገር፤ የሌሊት ሥራ ካለህ፣ ጉልበትህን ከታመምህ ካህኑ ያቃልልልሃል። ለራስህ ግን ቀኖና አትስጥ። በስሜት ተነሥቶ በቀን መቶ ስግደት የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳምንቱን ሳይጨርስ ይተወዋል፤ ከዚያም «እኔ ምን እሆናለሁ» የሚለው ሐሳብ በሁለት እጥፍ ይመለሳል።

ዕለት ዕለት የሚደረገው ትንሽ ይሁን። ጠዋት ስልክ ከመንካትህ በፊት አማትበህ አባታችን ሆይ፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ አንድ መዝሙረ ዳዊት፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ከጸሎቱ ሳትነሣ ዛሬ የምታደርገውን አንድ ሥራ ከነሰዓቱ ጻፍ፦ «አራት ሰዓት ላይ የሥራ ማመልከቻውን አስገባለሁ።» «እግዚአብሔር ካለ» በል፣ ያዕቆብ እንዲህ እንድንል አዝዞናል (4፥15)፤ ግን ካልኸው በኋላ ተነሥተህ ሂድ። «እግዚአብሔር ካለ» ብሎ ከቤት አለመውጣት የእግዚአብሔርን ስም ለሐኬት መሸፈኛ ማድረግ ነው፤ ይህ በምእመናን ዘንድ በጣም ስለ በዛ ደጋግሜ እናገረዋለሁ። ማታ ከመተኛትህ በፊት አምስት ደቂቃ ያንኑ ወረቀት ተመልከት። ካደረግኸው አመስግን፤ ካላደረግኸው ምን እንደ ከለከለህ በአንድ መስመር ጻፍና ለነገ አሻግረው። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ናት፤ ለመጀመሪያ ልምምድ ልኳ ነው፣ ጾሙም ያግዝሃል። አንድ ቀን ቢያመልጥህ ካቆምህበት ቀጥል፤ ከአንድ ጀምረህ አትቁጠር። መቁጠር ውስጥ የገባ ሰው በስድስተኛው ቀን ሲወድቅ ስድስቱም የጠፉ ይመስለዋል።

ሥራ ላይ ስትመለስ ለቁጣህ አንድ ነገር ልምከርህ፣ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በዚሁ ስለ ጠፉ። አለቃህ ሲናገርህ ወዲያው አትመልስ፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በልብህ ሦስት ጊዜ በል፣ ከዚያ ተናገር። ሐሳብ ደጅ ላይ ሳለ ነው የሚመለሰው፤ ቃል ሆኖ ከወጣ በኋላ አይሰበሰብም።

አንድ ነገር ለይ። ሳምንታት ያለ እንቅልፍ የምታልፍ ከሆነ፣ ምግብ ከተጸየፍህ፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ በወረቀትም አይፈታም። ያኔውኑ ለቅርብ ሰው ተናገር፣ ሐኪም ቤት ሂድ። ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። ጠበል ብትጠመቅም የታዘዘልህን መድኃኒት አታቋርጥ፤ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ የእንጦጦ ጠበልተኞች የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል።

የቀረው ክታቡ ነው። ፈተህ አውርደው። መንገድ ላይ አትጣለው፣ ቤት ውስጥም በፍርሃት ብቻህን አታቃጥለው፤ ለንስሐ አባትህ ስጣቸውና እርሳቸው ያስወግዱት። በቦታው ማተብህን እሰር። እናትህን አትቆጣት፤ ክታቡን ያመጣችው ስለምትወድህ ነው፣ ብርም ከፍላበታለች። «እማዬ፣ በአርባ ቀኔ ይዘሽኝ የሄድሽው ወደ አዋቂ ሳይሆን ወደ ቤተ ክርስቲያን ነበር» በላትና በሚቀጥለው እሑድ አብራችሁ አስቀድሱ።